ስልክ የሚያነሳው ልጅ

ሸክላ ፖድካስቱን የዘጋው ወሬ ጠፍቶበት ሳይሆን ሰሚ ጠፍቶበት ነው።

ስሙን ያወጣለት አባቱ ነው። ልጁ ገና አፉን ሲፈታ አንዱን ነገር ደጋግሞ ያወራ ነበር። አባቱ ያን ጊዜ ጎልማሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከመንገድ ደክሞት ሲገባ፣ «ይህ ልጅ የተጫረ ሸክላ ነው፤ መርፌው አንድ ቦታ ተቀርቅሮበታል» አለ። ስሙ እዚያው ቀረ። በኋላ ልጁ አድጎ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር የሚያወራበትን ፕሮግራም ሲከፍትም በዚሁ ስም ወጣ። አድማጮቹ ሌላ ስም እንዳለው አያውቁም ነበር።

ፕሮግራሙን የሚሠራው ከጓደኛው ከባትሪ ጋር ነው። ባትሪ የተባለው የሰውን ሁሉ ስልክ እያማ የራሱ ስልክ ግን ሁልጊዜ ቻርጅ ጨርሶ ስለሚዘጋ ነው። ስቱዲዮ የሚሏት ክፍል የባትሪ ዕቃ ቤት ነበረች። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ መስኮቷ በብርድ ልብስ ተጋርዷል። በሚቀዱበት ሰዓት ማራገቢያው ድምፅ እንዳይገባ ይጠፋል። ላባቸው በጀርባቸው እየወረደ ስለ አዲስ ስልክ ካሜራ ይከራከራሉ።

መጀመሪያ ላይ ሰው ይሰማቸው ነበር። ሸክላ ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ ድምፁን ሰምቶ ዞር የሚል አይጠፋም ነበር። ከዚያ ጎረምሳው ሁሉ ማይክሮፎን ገዛ። ሰሚው ተከፋፈለ፣ ሳሳ፤ መጨረሻ ላይ አስተያየት የሚጽፍላቸው አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እሱም የሚጽፈው ስድብ ነበር።

«እሱ ደግሞ ሰሞኑን ጠፋ» አለ ባትሪ አንድ ቀን፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ።

«ማን?»

«ተሳዳቢያችን።»

ሳቁ። ሳቁ እንጂ ነገሩ እንዳለቀለት ሁለቱም ያን ቀን አወቁት።

ሽማግሌው አባቱ ፖድካስት የሚባለው ነገር ገብቶት አያውቅም።

«ለማን ነው የምታወራው?» ይለው ነበር ልጁን።

«ለሰው ነዋ፣ አባባ።»

«ሰውዬው የታለ?»

«ቤቱ ሆኖ ይሰማኛል። መንገድ ላይም ይሰማኛል።»

«ይመልስልሃል?»

«አይመልስም።»

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም፣ ልጄ። ሥራ ፈልግ።»

ሥራ ያገኘው ቀድሞ ባትሪ ነው። የኮምፒዩተር ቋንቋ ስለሚያውቅ፣ ለውሃ መሥሪያ ቤት ስልክ የሚመልስ ማሽን የሚሠራ አንድ ድርጅት ቀጠረው። ውሃ ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ፣ ሂሳብ በዛ ብሎ የሚደውል ሁሉ ሰው ሳይሆን ማሽን ያናግረዋል። ማሽኑ ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ባትሪም፣ «የሚያምር ድምፅ ያለው፣ የሚሰማው ሰው የሌለው አንድ ሰው አውቃለሁ» አለ።

ሸክላ እውነተኛ ስቱዲዮ ያየው ያን ጊዜ ነው። መስተዋት ያለው፣ ቀዝቃዛ፣ የራስ ትንፋሽ ጆሮ ውስጥ የሚሰማበት ክፍል። ከጠዋት እስከ ማታ ቃል ያነባል። ቁጥር ያነባል፣ የሰፈር ስም ያነባል፣ የወር ስም ያነባል። «ይቅርታ»ን በብዙ ዓይነት አነበበ። ሳቅ የለም፣ ቁጣ የለም። ማሽኑ እነዚያን ቃላት እየቆረጠ፣ እየቀጠለ፣ ራሱ ሸክላ አፍ አውጥቶ ተናግሮት የማያውቀውን ነገር በሸክላ ድምፅ ይናገራል።

ንባቡ ሲያልቅ ድርጅቱ አላሰናበተውም። ማሽኑ መመለስ ያቃተውን ጥሪ የሚያዳምጡ ሰዎች በአንድ ሰፊ ክፍል በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ጋር አስቀመጡት። ጥሪው እነሱ ጋ የሚደርሰው ሰንብቶ ነው። ደዋዩ ምን እንዳለ ይጽፋሉ፤ ማሽኑ ምን ማለት እንደነበረበትም ይጽፋሉ። በሌላ ቀን ማሽኑ ይማርበታል።

እንግዲህ የሸክላ ሥራ ሰው ድምፁን ሲሰድብ መስማት ሆነ።

«ዛሬ አንዷ ምን እንዳለችህ ልንገርህ?» ትለዋለች አጠገቡ የምትቀመጠው ሴት።

«ተይኝ እባክሽ።»

«“ጉሮሮህ እንደ ቧንቧዬ ይድረቅ” አለችህ።»

ረድፉ ሁሉ ይስቃል። ሸክላም ይስቃል። ዘንድሮ ቢያንስ የሚመልስለት ሰው አግኝቷል።

አንድ ጠዋት ማዳመጫውን አጥልቆ የሚቀጥለውን ጥሪ ከፈተ። የራሱ ድምፅ፣ «እንኳን ወደ ውሃ አገልግሎት በደህና መጡ። በምን ልርዳዎት?» አለ። ከወዲያ የሚያፏጭ የሽማግሌ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሸክላ?» አለ ደዋዩ።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

«ሸክላ፣ እኔ ነኝ እኮ። አባትህ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ገባኝ፣ ገባኝ። አለቃህ አጠገብህ ቆሟል። ደግ አደረግክ፣ በሥራ ሰዓት ዘመድ አይታወቅም። ውሃው ይቆይ፣ አልቸኩልም። በርታ ጎበዝ።» ስልኩን ዘጋው።

ሸክላ ጥሪውን ደግሞ ሰማው። ከጎኑ ያለችው ሴት፣ «ምን ያስቅሃል?» አለችው። እየሳቀ መሆኑን አላወቀም ነበር።

እሑድ እውነቱን ሊነግረው ሄደ። ሽማግሌው ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል። ምድር ቤት ያለች ክፍል፣ ከኋላዋ ጠባብ ማድቤት፣ በሁለቱ መሃል የተላላጠ ሲሚንቶ። ዕድሜ ልኩን ፍሬንና ፍሪሲዮን የረገጡት እግሮቹ አሁን ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ ከዘራ ይፈልጋሉ። ግድግዳው ስስ ነው። ከወዲያ በኩል የምትኖረው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን ስታስኬድ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ስምምነት አላቸው፦ አንድ ነገር ቢሆን ሽማግሌው ግድግዳውን በከዘራው ይመታል፣ እሷ መኪናዋን አቁማ ትመጣለች።

ሸክላ ሲገባ ሽማግሌው ጢሙን ተላጭቶ ጠበቀው። ልብስ ሰፊዋም መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ይኸው እሱ ነው» አላት። «ውሃ መሥሪያ ቤት ነው። አንዴ ከመጥራቱ ያነሳዋል። ማታም ደወልኩ፣ አነሳ። ንጋት ላይ ደወልኩ፣ አነሳ። እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ! እዚህ ሲመጣ አንተ ይለኛል፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መንግሥት ይመስላል።»

«ታድለዋል፣ አባባ» አለች። «የእኔዎቹ የራሳቸውንም ስልክ አያነሱ።»

«እሱም የራሱን አያነሳም» አለ ሽማግሌው። «የመሥሪያ ቤቱን ግን ያነሳል። እኔም እንዲያው ነበርኩ። መኪናውን አንድ ቀን አላስጠማሁትም፤ እናቱን ግን ከየከተማው እየደወልኩ በቅርቡ እመጣለሁ ስላት ኖርኩ። ሥራ እንዲህ ነው።»

ሸክላ አፉን ሊከፍት አለና ተወው። ሽማግሌው ስለ ልጁ ለሰው ሲያወራ መስማቱ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በማይክሮፎን ለፍልፎ ያላገኘውን ሰሚ አሁን አገኘ። ማሽን ነው ብሎ እንዴት ያፍርሰው? ሌላ ቀን እነግረዋለሁ አለ። ሌላ ቀን ማለት ደግ ነገር ነው፤ ጀርባው ሰፊ ነው፣ የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል።

ሽማግሌው በየቀኑ ይደውል ጀመር። ማሽኑም በየቀኑ «አልገባኝም» ይለዋል። ጥሪው ሁሉ ያልተፈታ ሆኖ ወደ ሸክላ ረድፍ ይመጣል። አንድ ቀን ሽማግሌው ቅር ባለው ድምፅ፣ «ያ አለቃህ አይቀመጥም እንዴ? ሁልጊዜ ቁሞ ነው?» አለ። ሸክላ ይህን ሲሰማ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሣ። ወደ ባትሪ ጠረጴዛ ሄደ።

«ለአንድ ቁጥር ብቻ የተለየ መልስ ማስገባት ይቻላል?»

«ማን ነው ባለቁጥሩ?»

ነገረው። ባትሪ ጭንቅላቱን አከከ። «ይቻላል። አለቃችን ካወቀች ግን ሁለታችንም እንደ ፖድካስቱ ነን።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ይሁን፣ አዲስ ፕሮጀክት ነው። ምን ይበልልህ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ስቱዲዮው ባዶ ሲሆን ገቡ። ሸክላ አነበበ። «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» «እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» «አይዞዎት።» ልጅነቱ በድምፁ እንዳይገባ ተጠነቀቀ፤ ሽማግሌው የሚያውቀው የወንበሩን ድምፅ ነውና።

«አንድ ቀረህ» አለ ባትሪ ከመስተዋቱ ወዲያ። «ሁልጊዜ መቼ ትመጣለህ ይላል። ማሽኑ ና የሚል ነገር ሲሰማ የሚመልሰው ስጠው።»

ሸክላ ብዙ አላሰበም። «በቅርቡ እመጣለሁ» አለ።

ባትሪ ድምፁን መለሰና ሰማው። «ጥሩ ነው። እውነት ይመስላል።» ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ይህን ሁሉ ከምንለፋ አንተው ለምን አትደውልለትም?» አለ።

«እደውላለሁ።»

«መቼ?»

«በቅርቡ።»

ሁለቱም ሳቁ።

ፕሮጀክቱ ሠራ። ሽማግሌው ደወለ፣ ማሽኑ ጠየቀው፣ ሽማግሌው መለሰ። ስለ ጉልበቱ አወራ፣ ስለ ልብስ ሰፊዋ ሳል አወራ፣ ሞተር ስለሰበረበት ስለ አንድ ዳገት አወራ። በየመሃሉ ማሽኑ አይዞዎት ይለዋል። ሲዘጋም «ስለደወሉ እናመሰግናለን» ይለዋል።

ሸክላ ይህን የሰማው ባትሪ ለሙከራ ባወጣለት ጥሪ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አልሰማም። አሠራሩ እንዲህ ነውና፦ ማሽኑ ያቃተው ጥሪ ወደ ሰው ይመጣል፤ ማሽኑ የመለሰው ጥሪ ተፈትቷል ተብሎ ይከማቻል። የተፈታ ጥሪ ማንም አይሰማውም። የሽማግሌው ድምፅ ከረድፉ ጠፋ፤ ሸክላም ደህና ነው ማለት ነው አለ።

ሌላ ሥራ ደግሞ መጣ። አንድ የአውቶቡስ ድርጅት የፌርማታ ስም የሚጠራ ድምፅ ፈለገ። ሸክላ እሑድ እሑድ ስቱዲዮ ገብቶ ፌርማታ ያነባል። «ቀጣይ ፌርማታ» ይላል፣ ያርፋል፣ የቦታ ስም ይላል። ወደ ሽማግሌው ቤት የሚወስደውንም ፌርማታ አነበበው፤ ወርዶበት ግን ሰነባብቷል። ሲያድር ለባትሪ፣ «ፖድካስቱን መልሰን እንክፈተው እንዴ? ይህን ማሽን ከውስጥ ሆነን የምናውቀው እኛ ነን» ማለት ጀመረ። ባትሪም አዲስ ማይክሮፎን ያማርጥ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ የደወለችው አንድ ጠዋት ነው። ሸክላ ስቱዲዮ ውስጥ ስለነበረ አላነሳም። ደግማ ደወለች። ሲወጣ ያልተነሳ ጥሪ ተደርድሮ አየና ደወለላት።

«ና» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ሽማግሌውን አልጋው ላይ አስተኝተው አንሶላ አልብሰውታል። በማድቤቱና በክፍሉ መሃል፣ በዚያ ሲሚንቶ ላይ ነው የተገኘው። ከዘራው ከእጁ አልራቀም። የመጣው ሐኪም፣ «ዳሌው ተሰብሯል። ልቡ ብርዱንና ሕመሙን አልቻለም። ማታውኑ ሐኪም ቤት ቢደርስ ይተርፍ ነበር» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ።

«ማታ ሲወድቁ ሰምቻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ዓይኗን ከሸክላ ላይ አላነሳችም። «መሸት ሲል ነው። መኪናዬን አቁሜ ግድግዳውን መታሁ። “ምን ሆኑ አባባ?” አልኳቸው። “ምንም አይደል፣ ልጄ እየመጣ ነው” አሉኝ። ቆየሁና ደግሜ ጠየቅሁ። “ደውዬለታለሁ፣ እመጣለሁ ብሏል፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ” አሉ። ደህና ናቸው ብዬ ተኛሁ።»

«እኔ አላናገርኩትም» ሊል ፈለገ ሸክላ። የሽማግሌውን ስልክ ከጠረጴዛው አንሥቶ አየ። ማታ የተደወለው ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ነው። ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት።

ከቀብር መልስ ቤቱ ሰው ሳይሞላ ወደ ድርጅቱ ሄደ። ባትሪ ሲያየው ተነሣ።

«ጥሪዎቹን አውጣልኝ።»

«አትስማው» አለ ባትሪ። «እኔ ሰምቼዋለሁ። አትስማው።»

«አውጣልኝ።»

ባትሪ አወጣለትና ወንበሩን ለቀቀለት። ሸክላ ማዳመጫውን አጠለቀ።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ወድቄያለሁ፣ ሸክላ። ዳሌዬ ነው መሰለኝ። መነሣት አቃተኝ።»

«አይዞዎት። መድኃኒትዎን ወሰዱ?»

«ጠረጴዛው ላይ ነው፣ አልደርስበትም። ና እስቲ፣ ልጄ።»

«በቅርቡ እመጣለሁ።»

«እሺ። ቀስ ብለህ ና፣ እየመሸ ነው።»

«ስለደወሉ እናመሰግናለን።»

በሁለተኛው ጥሪ የሽማግሌው ጥርስ ሲንገጫገጭ ይሰማል። ከሩቅ ግድግዳ ሲመታ፣ የሴት ድምፅ ሲጣራ ይሰማል። «ደህና ነኝ!» ይላል ሽማግሌው ወደዚያ። ከዚያ ወደ ስልኩ ዝቅ አድርጎ፣ «ሴትዮዋን እንዳላስቸግር ብዬ ነው። ትመጣ የለ?» ይላል።

«በቅርቡ እመጣለሁ።»

የመጨረሻው ጥሪ አጭር ነው። ድምፁ ቀጥኗል።

«የት ደረስክ?»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም። እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ትንፋሽ። ረጅም ትንፋሽ። «አሃ፣ አለቃህ አለ። በቃ ግድ የለም፣ ከሥራህ እንዳትጣላ። ሲለቁህ ትመጣለህ። እጠብቃለሁ።»

«በቅርቡ እመጣለሁ።»

ሸክላ ማዳመጫውን አወረደ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጎንብሶ ይጽፋል።

«ላጥፋው?» አለ ባትሪ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ለአባትህ ቁጥር ያስገባነውንም ጥሪዎቹንም ላጥፋቸው? ማንም አያውቅም።»

«አጥፋው» አለ ሸክላ። ከወንበሩ እየተነሣ፣ «ድምፁ ግን ይቀራል አይደል? ውሃ የጠፋበት ሁሉ የሚያናግረው?» አለ።

«እሱ ይቀራል። ፈርመሃል።»

ወደ ሽማግሌው ቤት ሲመለስ ሰው ተቀምጧል። የአባቱ የድሮ ጓደኞች፣ ጡረታ የወጡ ሹፌሮች፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው በአግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። የሚያወሩት ስለ አንድ ድልድይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ቀኑን ሙሉ ይዛው የዋለችው ነገር ነበር፤ አላስቀመጣትም።

«እመጣለሁ ብለሃቸው ለምን ቀረህ?» አለችው በሰው መሃል። «ባትላቸው እኮ እኔን ይጠሩኝ ነበር። ከዘራው እጃቸው ላይ ነበር። አንተን አምነው ነው።»

ከሹፌሮቹ አንዱ፣ ቀጭኑ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አለ ለሸክላ። «የእኔ የልጅ ልጅ ያንን ስልክ የሚያነሳው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው ይላል። እኔ ለእሱ ነግሬው ነበር፣ ለአባትህ፤ ተቆጣኝ። “የልጄን ድምፅ ላጣው ነው?” አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም። እስቲ ንገረን፣ ማሽን ነው?»

ሁሉም ወደ ሸክላ ዞሩ። የልብስ ሰፊዋ ፊት ላይ እንኳ አንዳች ነገር ላላ፤ እንዲያ ቢሆን ደስ የሚላት መሰለች። በሩ ተከፍቶለታል። አዎ ቢል ከወቀሳው ይወጣል። አዎ ቢል ግን አባቱ ጓደኛውን የተጣላው፣ ለጎረቤቱ የኮራው፣ መሬት ወድቆ የጠበቀው ለሽቦ ነው ማለት ነው። ነገ እነዚህ ሽማግሌዎች ሲገናኙ ምስኪን፣ ከማሽን ጋር ሲያወራ ሞተ ይሉታል። ሳቅም አይጠፋበትም።

«ማሽን አይደለም» አለ ሸክላ። «እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?» አለች።

«ደወለልኝ። እመጣለሁ አልኩት። ቀረሁ።»

ቀጭኑ ሹፌር ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣና ሳይሰናበተው ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ልብስ ሰፊዋ የሰው ብርጭቆ ሰብስባ አጠበች፣ አግዳሚውን ወደ ግድግዳ አስጠጋች፣ በሩን ገርበብ አድርጋው ሄደች።

ሸክላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዘራው እዚያው ተደግፏል። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪናው ተነሣ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ መንቀጥቀጥ ጀመረ።